ስለ ኮምፒዩተር ማስገቢያና ማውጫ መሣሪያዎች፤ በአዋሽና በሰመራ ላሉ መሥሪያ ቤቶች የተጻፈ መግለጫ

ቀድሞ በመዝገብና በብርዕ ይሠራ የነበረው የወረዳ መሥሪያ ቤት ሥራ፣ ባሁኑ ዘመን አብዛኛው ወደ ኮምፒዩተር ተላልፏል። የገበሬው ስም፣ የማሳው ስፋት፣ የከብቱ ብዛት፣ የሚታደለው ዘርና እህል በዚሁ መኪና ይጻፋል፤ በዚሁም ይደመራል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ መኪናው ፍጥነት ነው እንጂ ነገር በየት በር እንደሚገባበትና በየት እንደሚወጣ አይደለም። ለገዥ፣ ለወረዳ ሹምና ለእርሻ ባለቤት ግን ከፍጥነቱ ይልቅ በሮቹን ማወቅ ይጠቅማቸዋል፤ ስሕተት የሚገባው በነርሱ ነውና።

በአዋሽ ዳር የመስኖ ቦይ ያለው ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም። ውሃው ከወንዙ በመግቢያው በር ይገባል፤ በቦዩ ይከፋፈላል፤ ከዚያም ወደ ጥጡና ወደ በቈሎው ይለቀቃል። በመግቢያው ደፍርሶ የገባ ውሃ በማሳው ላይ ጠርቶ አይወጣም። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። መኪናው ለራሱ ዓይን ወይም ጆሮ የለውም፤ በውስጡ የሚመላለሰው በኤሌክትሪክ ምልክት የተያዘ ቍጥር ብቻ ሲሆን፣ ቍጥሩም ሁሉ በ0 እና በ1 የተጻፈ ነው። ስለዚህ የማስገቢያ መሣሪያ ሁሉ ሥራው አንድ ነው፤ ይኸውም የጣትን ግፊት፣ ብርሃንን፣ ክብደትን ወይም ድምፅን ወደ ቍጥር መለወጥ ነው። የማውጫ መሣሪያ ደግሞ ቍጥሩን መልሶ ሰው ወደሚያየው ወይም ወደሚሰማው ነገር ይለውጠዋል።

ከማስገቢያዎቹ መካከል ብዙ ሥራ የሚሠራበት ኪቦርድ የሚባለው የቁልፍ ሰሌዳ ነው። ከቁልፎቹ በታች ቀጫጭን የኤሌክትሪክ መስመሮች አግድምና ቍልቍል እንደ መረብ ተዘርግተዋል። ቁልፍ ሲጫኑት ሁለት መስመሮች ይገናኛሉ፤ መረቡን በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚመረምር ትንሽ ክፍልም የትኛው ቁልፍ እንደ ተጫነ ለይቶ ቍጥሩን ይልካል። በተለመደው ኪቦርድ ላይ ያሉት ቁልፎች መቶ ያህል ናቸው። የኛ ፊደል ግን 33ቱ በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። የጽሕፈት መኪናን ለአማርኛ ለማስማማት ኢንጂነር አያና ብሩ የደከሙበትም ይኸው ችግር ነበረ። በኮምፒዩተር ግን ጸሐፊው ሁለት ቁልፍ አከታትሎ ይጫናል፤ አንዱ ለፊደሉ፣ ሁለተኛው ለአናባቢው ነው፤ ማገናኘቱን መኪናው ይፈጽመዋል።

ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት የቍጥር ሥርዓት፣ በ1999 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በወጣው በ3ኛው እትሙ የግእዝን ፊደል ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደላችን በዓለም ሁሉ የታወቀ የራሱ ቍጥር አለው። አ 4768 ነው፤ ዐ 4816 ነው፤ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ነው፤ ሰ 4656፣ ሠ 4640 ነው። እዚህ ላይ ሹማምንት ልብ እንዲሉ እንለምናለን። እነዚህ ፊደላት በአማርኛ ንባብ አንድ ድምፅ ሆነው ስለ ቀሩ፣ አንባቢ በማናቸውም ቢጻፍ አይሰናከልም፤ መኪናው ግን የሚያየው ቍጥሩን ነው እንጂ ድምፁን አይሰማም። አዋሽ ብሎ የጻፈ፣ ዐዋሽ ብሎ የጻፈ፣ በቀድሞ ጽሑፍ እንደሚገኘውም ሐዋሽ ያለ፣ ለመኪናው ሦስት ልዩ ልዩ ቦታ ጽፈዋል። አፋርና ዓፋር፣ ሰመራና ሠመራም እንደዚሁ ናቸው። ከአዋሽ የተላከ ዝርዝር በሰመራ ካለው ዝርዝር ጋር ሲተያይ አልገጥም የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

በአፋር ክልል ይህ ነገር ይብሳል። የአፋር ቋንቋ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ በዚህም አጻጻፍ ከጕሮሮ የሚወጣው የዐ ድምፅ ኪው በሚባለው ፊደል ይመለከታል፤ የሐ ድምፅም ሲ በሚባለው። እንግዲህ ዓሊ የተባለ አርብቶ አደር በአፋርኛው ወረቀት ላይ ስሙ በኪው ይጀምራል። እንግሊዝኛ እንጂ አፋርኛ ያልተማረ ጸሐፊ ቃሊ ብሎ ወደ አማርኛው መዝገብ ሊያስገባው ይችላል፤ ሌላው ጸሐፊ በጆሮው ሰምቶ አሊ ይላል። አንዱ ሰው በመዝገብ ሦስት ሰው ይሆናል፤ ወይም እህል ሊቀበል በቀረበ ጊዜ ስምህ የለም ተብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ከዳርቻው ወጥቶ በአፋር ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅሎ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የእህሉም የድንኳኑም ዝርዝር በጥድፊያ ይጻፋል፤ ስሕተቱን የሚያርም ሰው ግን በቶሎ አይገኝም። ስለዚህ ሹሙ ሥራው ሳይጀመር ስለ ስም አጻጻፍ አንድ ደንብ ያውጣ፤ ከላቲን ወደ ግእዝ ሲገለበጥም አፋርኛ የሚያነብ ሰው ከጸሐፊው አጠገብ ይቀመጥ። ይህን ስንል ሞክሼ ፊደላት ይጥፉ ማለታችን አይደለም፤ የሊቃውንቱ ክርክር ለሊቃውንቱ ይቈይ። የእህል ዝርዝር ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ስም እንዲህ ስለሚያሳስት የሰውነት ምልክት የሚቀበሉ መሣሪያዎች መጥተዋል። በአዋጅ ቍጥር 1284/2015 የተደነገገው፣ ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ የ10 ጣቶችን አሻራ፣ የሁለቱን ዓይኖችና የፊትን ምስል ይቀበላል። አሻራ መቀበያው በብዙ ዐይነት ይሠራል፤ ብርሃን ባለበት ዐይነት ጣቱ በመስተዋት ላይ ያርፋል፤ ከፍ ከፍ ያለው የቈዳው መሥመር መስተዋቱን ሲነካ፣ ዝቅ ያለው አይነካውም፤ ስለዚህ ብርሃኑ ከሁለቱ በልዩ ልዩ መንገድ ይመለሳል። መኪናው መሥመሩ የሚቋረጥበትንና እንደ መንታ መንገድ የሚከፈልበትን ስፍራ ለቅሞ በቍጥር ይይዛል። ነገር ግን ዶማ፣ ገመድና ጨው ያሻከሩት እጅ፣ ሙቀትም ያደረቀው ጣት በደኅና አይነበብም። መሣሪያው አላነበበም ማለት ሰውየው ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ እጁን ታጥቦ ጥቂት አርጥቦ ይሞክር፤ ሌላ ጣት ይስጥ፤ መስተዋቱም በንጹሕ ጨርቅ ይወልወል።

የሰው እጅ የማይነካቸው ማስገቢያዎችም አሉ። የጥጥ ሚዛን በውስጡ ክብደት ሲያርፍበት በጥቂቱ የሚጐብጥ ብረት አለው፤ በብረቱ ላይ የተለጠፈው ቀጭን ሽቦ ሲሳብ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት መጠን ይለወጣል፤ ይህም በኪሎ ይቈጠራል። የዝናብ መለኪያውም ሁለት ወገን ያለው ትንሽ ማንኪያ ነው፤ አንዱ ወገን ሲሞላ ይገለበጣል፤ በአንዳንዱ መሣሪያ እያንዳንዱ መገልበጥ 0.2 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሆናል። በማንኪያው ውስጥ አቧራ ቢጠራቀም ወይም ወፍ ጐጆ ብትሠራበት፣ በደጋው የዘነበውን ሳይቈጥር ይቀራል፤ በቈላ ያለውም ሰው ሳይነገረው ጐርፉ ይደርስበታል።

ማውጫዎቹ የታወቁ ስለ ሆኑ ባጭሩ እንናገራለን። ስክሪን የሚባለው የብርሃን ገጽ ከኋላው ከሚመጣው ብርሃን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ነጥቦች እየለየ ያሳልፋል፤ በአዋሽ ፀሐይ ፊት ቢያኖሩት ግን ምንም አይታይበትም። በጨረር የሚያትመው ፕሪንተር በሚዞር ዘንግ ላይ ፊደሉን በብርሃን ይነድፋል፤ ደረቅ የቀለም ዱቄት በኤሌክትሪክ ስበት በዚያ ላይ ይያዛል፤ ወደ ወረቀት ተላልፎም በሙቀት ይጣበቃል። በርጥብ ቀለም የሚያትመው ለቈላ ብዙም አይመችም፤ ጥቂት ቀን ሳይሠራ ከቈየ ቀለሙ በቀዳዳው ይደርቃል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች እስከ 35 ዲግሪ ባለ ሙቀት እንዲሠሩ የተዘጋጁ ናቸው፤ በሰመራ ግን ሙቀት በሚበረታበት ወራት ከቀትር በኋላ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ ምዝገባና ኅትመት በማለዳ ቢሠራ፣ ኪቦርዱም ማታ ማታ ከአቧራ ቢሸፈን ይበጃል። የታተመው ዝርዝር ማኅተም ሳያርፍበት በፊትም በቀበሌው ሕዝብ መካከል በአፋርኛ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ስሙ የጐደለበትም ሰው በዚያው ቀን እንዲጻፍ ይደረግ።