መንበሩ ወይስ መሬቱ?

በኒውዮርክ ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ከሚውለበለቡት ሰንደቅ ዓላማዎች ሁለቱ የአባል አገር አይደሉም። አንዱ የፍልስጤም ነው። ሌላው ግማሹ ቢጫ ግማሹ ነጭ ሆኖ፣ በነጩ ላይ የተመሳቀሉ ሁለት ቁልፎች ያሉበት የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሰንደቅ ነው። የተሰቀለው በሴፕቴምበር 2015፣ ፖፕ ፍራንሲስ ለጠቅላላ ጉባኤው ንግግር ባደረጉበት ቀን ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሃይማኖት አባትን ከመንግሥታት ተርታ ምን ያስቀምጠዋል የሚለው ክርክር ግን ከሰንደቁ በብዙ ይቀድማል።

በአፍ ልማድ «ቫቲካን» እንላለን እንጂ በድርጅቱ ውስጥ ያለው ወንበር የቫቲካን ከተማ አይደለም፤ የቅድስት መንበር ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ የክርክሩ ሥር ያለው ግን እዚሁ ላይ ነው። ቫቲካን ከተማ በ1929 ከኢጣልያ ጋር በተፈረመው የላተራን ውል የተፈጠረች፣ ስፋቷ 44 ሄክታር ያህል የሆነች ግዛት ናት። ቅድስት መንበር ግን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን የሚመሩበት ሥልጣን ነው። በ1870 የኢጣልያ ጦር ሮማን ከያዘ በኋላ የሮማ ርዕሳነ ሊቃነ ጳጳሳት የሚያስተዳድሩት ግዛት ሳይኖራቸው 59 ዓመት ቆይተዋል። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ግን አምባሳደር ይልኩ፣ አምባሳደር ይቀበሉ ነበር። ደጋፊዎች የሚመዙት ማስረጃ ይህን ነው፤ ሉዓላዊነቱ የመሬት ውጤት አይደለም ይላሉ። በ1957 ከድርጅቱ ጋር በተደረገ የደብዳቤ ልውውጥም ግንኙነቱ ከመንበሩ ጋር መሆኑ ተረጋግጧል።

ወደ ኒውዮርክ የተገባው በጎን በር ነበር ማለት ይቻላል። የድርጅቱ ቻርተር አባል ሳይሆን ስለሚቀመጥ ታዛቢ አንዲት ቃል አይናገርም። ልማዱን በ1946 የጀመረችው ስዊዘርላንድ ናት፤ እሷም በ2002 ሙሉ አባል ሆነች። ቅድስት መንበር በኤፕሪል 1964 ቋሚ ታዛቢ ስትሆን ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ አልቀረበም፤ በዋና ጸሐፊው ተቀባይነት አለቀ። ለምን አባል ለመሆን አልጠየቀችም? የላተራን ውል ራሱ መንበሩ በመንግሥታት ዓለማዊ ፉክክር ውስጥ እንደማይገባ ይደነግጋል። በጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ለጦርነት ድጋፍ እንዲሰጥ የሚጠየቅ አባል መሆን ከዚህ ቃል ጋር አይሄድም።

ለሰላሳ ዓመት ያህል ብዙ ሰው ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ያጋጋለው ካይሮ ነው። በሴፕቴምበር 1994 በተደረገው የሕዝብ ቁጥርና የልማት ጉባኤ ላይ ጥሪው «ለሁሉም መንግሥታት» ስለነበር ቅድስት መንበር የተቀመጠችው እንደ ተሳታፊ መንግሥት ነው። ሰነዱ የሚጸድቀው ደግሞ በመግባባት ነው። ሁሉም እሺ ሳይል በማይፈጸምበት ሸንጎ፣ «አልስማማም» የሚል አንድ ሰው ስንት ቀን ሊያስቆይ እንደሚችል የዕድር ስብሰባ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ፅንስ ማቋረጥን የሚመለከተው አንድ አንቀጽ የጉባኤውን ቀናት በላ። በዓመቱ በቤጂንጉ የሴቶች ጉባኤም ያው ሙግት ተደገመ።

በዚህ የተቆጡ ወገኖች በ1999 ታዛቢነቱ እንደገና እንዲመረመር ዘመቻ ከፈቱ። የሚገርመው፣ ፊታውራሪው ራሱን የካቶሊኮች ማኅበር ብሎ የሚጠራ የአሜሪካ ድርጅት ነበር። ዘመቻው ተቃራኒ ውጤት አመጣ። የአሜሪካ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2000 በ416 ለ1 ድምፅ ለመንበሩ ድጋፉን ሰጠ፤ ጠቅላላ ጉባኤውም በጁላይ 2004 ድምፅ ሳይሰጥበት ባጸደቀው ውሳኔ መብቱን አሰፋው። መንበሩ በአጠቃላይ ክርክር ይናገራል፣ ሰነድ ያሰራጫል፣ ሲነካ መልስ ይሰጣል። ድምፅ ግን አይሰጥም፤ ዕጩም አያቀርብም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ የተቃውሞ ነጥብ ካይሮ ላይ የታየው አይደለም፤ ጄኔቫ ላይ የታየው ነው። ቅድስት መንበር የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በ1990 አጽድቃለች። በ2014 የስምምነቱ ኮሚቴ በካህናት ስለተደፈሩ ሕፃናት ሲጠይቃት፣ በስምምነቱ የምትገደደው በቫቲካን ከተማ ክልል ውስጥ ላለው እንደሆነ፣ በሌላ አገር ያለ ካህን የሚጠየቀው በዚያ አገር ሕግ እንደሆነ መለሰች። ወንበር ሲጠየቅ ሥልጣኑ ከመሬት በላይ ነው፤ ተጠያቂነት ሲመጣ ግን 44 ሄክታር ላይ ያበቃል። የሕግ ባለሙያ ለዚህ መልስ አያጣ ይሆናል። እኔ ግን ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልኩም።

ሌላው ቅሬታ የእኩልነት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በ1948 ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነችበት የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ በድርጅቱ ውስጥ ያለው ቦታ መንግሥታዊ ካልሆኑ ድርጅቶች ጋር ነው። የእስላማዊ ትብብር ድርጅት ከ1975 ጀምሮ ታዛቢ ቢሆንም የመንግሥታት ማኅበር እንጂ የሃይማኖት መሪ አይደለም። በሩም በ1994 መጨረሻ ጠብቧል። ጠቅላላ ጉባኤው ከዚያ ወዲህ አዲስ የታዛቢነት ደረጃ ለመንግሥታትና ለመንግሥታት ማኅበራት ብቻ እንዲሰጥ ወስኗልና፣ ሌላ ፓትርያርክ ወይም ሌላ የእምነት አባት በመንበሩ መንገድ ልግባ ቢል አይችልም።

ነገሩ የኒውዮርክና የጄኔቫ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ የሚቀመጠው የመንበሩ አምባሳደር፣ ካቶሊኮች ኑንሲዮ የሚሉት፣ በኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን በአፍሪካ ኅብረትም የመንበሩ ተወካይ ነው። እዚያም ታዛቢ ነው፤ ድምፅ የለውም።