አደጋ ብቻውን ስላለመምጣቱ

ካርቱም ሁለት በተባለው ሰፈር በእንግድነት ሰንብቼ ነበር። በተቀመጥሁበት ቤት ደጃፍ፥ በዓረብኛ «ዚር» የሚባል ታላቅ የሸክላ ጋን ነበረ፤ ከርሱም የቤቱ ሰውና አላፊ አግዳሚው ይጠጣል። የቤቱ እመቤት በየማለዳው ሲያጥቡት አይቼ፥ የቤተ ሰብ ጤና ጥበቃ ከዚህ ይጀምራል ብዬ አሰብሁ። ዳሩ ግን አንድ ጋን ከስንት ነገር ጋር እንደተሳሰረ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

በ1980 ዓ.ም. ክረምት በካርቱም ላይ ከዓመቱ መደበኛ ዝናብ የሚበልጥ ዝናብ በአንድ ቀንና ሌሊት ወረደ። ከተማዪቱ ከዚህ ሳታገግም ዓባይ ሞላባት። በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ የወንዙ ከፍታ ከ17 ሜትር በለጠ፤ በአገሪቱ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ የሦስት ወር አስቸኳይ ጊዜም ታወጀ።

ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ጦርነት መጣ። እመቤቲቱ ቤታቸውን ዘግተው ከልጆቻቸው ጋር ወደ ፖርት ሱዳን ተሰደዱ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ለዚያች ከተማ ውሃ የሚሰጠው የአርባዓት ግድብ በጎርፍ ፈረሰ፤ ከጥይት ያመለጠው ስደተኛ በውሃ ጥም ተያዘ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በካርቱም የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች በተመቱ ጊዜ፥ የውሃ መሳቢያ መኪናዎች ቆሙ፤ ሕዝቡም ያልተጣራ ውሃ ስለ ቀዳ ኮሌራ በረታ። እነሆ፥ መብራት ሲጠፋ የጋኑ ውሃ መርዝ ሆነ።

ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? ተመራማሪዎች በመጀመሪያ ሊያጠኑት የሚገባው፥ እያንዳንዱን አደጋ ለብቻው ሳይሆን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን ድልድይ ነው። የዝናቡ ልክ በአንድ መሥሪያ ቤት፥ የወንዙ በሌላው፥ የሕሙማኑ ቁጥር በሦስተኛው ተቈልፎ ከተቀመጠ ድልድዩ አይታይም።

ሁለተኛው የአፈር ነገር ነው። በያመቱ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ የሚሆን የደጋችን አፈር ወደ ሱዳን እየወረደ፥ በ1958 ዓ.ም. የተፈጸመውን የሮሴሪስ ግድብ ሲደለድለው ኖሯል። ዛሬ ግን በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የኅዳሴ ግድብ አብዛኛውን አፈር ስለሚያስቀር፥ ጥያቄው ወደ ደጃችን ተመልሷል። እርከንና ዛፍ ለገበሬው ብቻ ሳይሆን ለግድቡም ዕድሜ ናቸው።

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያው ከቤት የሚደርስበት መንገድ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው የምሥራቅ ናይል ቴክኒክ አካባቢያዊ ቢሮ የጎርፍ ትንበያ ያወጣል። ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙበት በቱቲ ደሴት ደግሞ ነዋሪዎች በክረምት በየተራ ወንዙን ይጠብቃሉ፤ ውሃው ሲያይል መንደሩን ያስነሣሉ። የሊቃውንቱ ስሌትና የደሴተኞቹ ንቃት ካልተገናኙ ግን፥ ትንበያው ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

እመቤቲቱ ወደ ቤታቸው ቢመለሱ፥ በመጀመሪያ ጋናቸውን እንደሚያጥቡ አልጠራጠርም። የእርሳቸው ድርሻ ይህ ነው። ውሃው ንጹሕ ሆኖ እስከ ጋኑ እንዲደርስ ማድረግ ግን በላይኛውም በታችኛውም አገር የምንገኝ፥ መዝገብ በእጃችን ያለ ሰዎች ድርሻ ነው።