64 ሚሊሜትር ብቻውን አይበቃም

ያማሃ ከ1970 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. የሠራት «አር 5» እና በ1973 የተካቻት «አር ዲ 350» ሁለቱም ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለቱም ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክሎች ናቸው። የሲሊንደራቸው ስፋት እኩል 64 ሚሊሜትር፣ የፒስተናቸው ጉዞም እኩል 54 ሚሊሜትር ነው። በካሊፐር ብቻ ለሚለካ ሰው የአንዷ ፒስተን ለሌላዋ ልክክ የሚል ይመስለዋል። በካርቡራተሩ በኩል የሚውለውን ጎን አዙሮ ላየ ግን የአር ዲው ፒስተን ቀሚስ (የታችኛው ግድግዳ) ላይ መስኮት አለ፤ የአር 5ቱ ድፍን ነው።

ባለ አራት ምት ሞተር በራሱ ቫልቮች ይተነፍሳል። ባለ ሁለት ምቱ ላይ ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ፒስተኑ ነው፤ ሲወጣና ሲወርድ በሲሊንደሩ ግድግዳ የተቀደዱትን በሮች ይከፍታል፣ ይዘጋል። በአር 5 የመግቢያውን በር የሚዘጋው የቀሚሱ ጠርዝ ስለሆነ ቀሚሱ ጥቂት ቢያጥር ወይም ቢረዝም ሞተሩ የሚስብበት ጊዜ ይዛባል። አር ዲ ግን ከካርቡራተሩ ቀጥሎ ስስ ምላሶች ያሉት ቫልቭ አላት፤ ፒስተኑ መንገዱን ክፍት ሊተውለት ይገባል። ድፍኑን ፒስተን አር ዲ ውስጥ ቢያስገቡት የዚያ ቫልቭ ጥቅም ይቀራል። ባለ መስኮቱን አር 5 ውስጥ ካስገቡት ደግሞ የቤንዚንና የአየሩ ድብልቅ ወደ ካርቡራተሩ ተመልሶ ይተፋል።

ስለዚህ አዲስ ፒስተን ሲገዙ አሮጌውን አይጣሉት። ከአዲሱ ጎን ያቁሙትና የቀሚሱን ርዝመት፣ የመስኮቶቹን ቦታ፣ ከስፒኖቱ (ፒስተኑን ከቢየላው ጋር ከሚያያይዘው ዘንግ) ቀዳዳ እስከ አናቱ ያለውን ከፍታ ያስተያዩ። በፋሻዎቹ (በፒስተኑ ቀለበቶች) ቦይ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ካስማም ይፈልጓት። የፋሻው ጫፎች ዞረው በር ውስጥ እንዳይሰነቀሩ የምትይዛቸው እሷ ናት፤ ቦታዋን ከሳተች ፋሻው ይሰበራል፣ ሲሊንደሩንም ይቧጭረዋል።

ቀጥሎ ቁሱ ነው። የብዙ ገዢ ዓይን «ፎርጅድ» የሚለው ጽሑፍ ላይ ያርፋል፤ ለመንገድ ሞተር ግን እኔ አልመርጠውም። በደቂቃ 7,500 ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 125 ጊዜ ይቀጣጠላል፤ ፒስተኑ እንደ አራት ምቱ ያለ እሳት የሚያልፍ ዙር የለውም። 64 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ተራ አሉሚኒየም ሙቀቱ 100 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ወደ 0.15 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ብረቱ ሲሊንደር ግን 0.07 ገደማ ብቻ። ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ በመፍሰስ የሚሠራው ፒስተን ሲሊከን በርከት ተደርጎ ስለሚጨመርበት መስፋቱ ይቀንሳል፤ 4 መቶኛ ሚሊሜትር ገደማ ክፍተትም ይበቃዋል። ተቀጥቅጦ የሚሠራው ፎርጅድ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲሊከኑ አነስ ይላል፣ ይበልጥም ይሰፋል። ሰፋ ያለ ክፍተት ሲሰጡት ጠዋት ጠዋት ይንኳኳል። በሌላው ልክ ካጠበቡት ደግሞ ሞተሩ ሲግል ይነክሳል። ለውድድር ይሁን፤ ለከተማ ግልቢያ ትርፍ ወጪ ነው።

ሲሊንደሩ ተበልቶ ከሆነ 64.25፣ 64.50 እያለ በ0.25 ሚሊሜትር የሚያድግ ፒስተን ይገኛል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ይወስናል፤ መጀመሪያ ፒስተኑ ይገዛል፣ ከዚያ ሲሊንደሩ በእሱ ልክ ይሰፋል። ፒስተን ፍጹም ክብ አይደለም፤ በመጠኑ ሞላላ ነው፣ ወደ አናቱም ይጠባል። ስለዚህ አናቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር ከመተማመን ይልቅ ባለሙያው ቀሚሱን ከታች በኩል፣ ከስፒኖቱ አቅጣጫ ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን በማይክሮሜትር ይለካዋል፤ ክፍተቱን ይጨምራል፤ ሲሊንደሩን የሚያሰፋው በዚያ ልክ ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች ለየራሳቸው ፒስተን ይለካሉ።

ሲሊንደሩ ከቶርኖ ቤት ሲመለስ የበሮቹ ጠርዝ ስለት እንደሆነ እንዳይቀር፣ ለስለስ ተደርጎ መሞረዱን ያረጋግጡ። ፒስተኑ ሲገጠም አናቱ ላይ ያለው ቀስት ወደ ጭስ መውጫው ያያል። ስፒኖቱን የሚይዙት ቀጫጭን የሽቦ ቀለበቶች ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ አሮጌዎቹን ደግመው አይጠቀሙባቸው።