ማይክሮፎኑን ከሰጡ በኋላስ?

ስልጠና ሲባል በአገራችን ቶሎ የሚታሰበው የሆቴል አዳራሽ፣ የሻይ እረፍት፣ አበልና በመጨረሻው ቀን የሚታደል ሰርተፍኬት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በየቋንቋቸው የማህበረሰብ ሬዲዮ የሚያዘጋጁ ስደተኞች አበል የሚባል ነገር አያውቁም፤ አብዛኞቹ ሌላ ሥራ ውለው ስቱዲዮ የሚገቡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ለስልጠናቸው የሚውለው ገንዘብ ግን በዋናነት ከፌዴራሉ መንግሥት በጀት ይመጣል፤ የሚያከፋፍለውም በ1984 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመው የማህበረሰብ ብሮድካስቲንግ ፋውንዴሽን ነው። ይህ ድጎማ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር አለ፤ እንመለስበታለን። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በገንዘቡ የሚገዛው ነገር ነው። የማሽን አነካክ ብቻ የሚያስተምር ስልጠና ጣቢያውን ከብልሽት ያድነው ይሆናል፤ ለአድማጩ ግን እምብዛም የሚጨምርለት የለም።

መንግሥት ለዚህ ሬዲዮ ኪሱን መፍታት የጀመረው ለስደተኛው ባህል አዝኖ ብቻ አልነበረም። በ1975 የጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላም መንግሥት ሜዲባንክ የተባለውን አዲስ የጤና መድን ሊጀምር ሲል፣ እንግሊዝኛ ለማይሰማው ነዋሪ እንዴት እንደሚያስረዳ ጨነቀው። በዚያው ዓመት ጁን ላይ 2ኢኤ የተባለ ሬዲዮ በሲድኒ፣ 3ኢኤ ደግሞ በሜልበርን ለሙከራ ተከፈቱና በጥቂት ቋንቋዎች ያስረዱ ጀመር። ኤስቢኤስ የተባለው የመንግሥት ጣቢያ፣ ዛሬ በአማርኛም የሚያሰራጨው፣ በ1978 የተወለደው ከእነዚህ ነው። ማህበረሰቡ ራሱ የሚያዘጋጅበት ሬዲዮ መንገድ ግን አባጣ ጎርባጣ ነበር። በሜልበርን ለየማህበረሰቡ ማይክሮፎን ከፍቶ የነበረው 3ዜድዜድ በ1977 በመንግሥት ውሳኔ ተዘጋ፤ ብሪዝበን 4ኢቢን ያገኘችው በ1979 ሲሆን፣ ሜልበርን በ92.3 ኤፍኤም የሚሰማውን 3ዜድዜድዜድን እስክታገኝ 1989 ደረሰ።

ያ የ1975 ጭንቀት በ2020 ተመልሶ መጣ። ጁላይ 4 ቀን የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት በኮሮና ምክንያት በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልበርን የሚገኙ ዘጠኝ የመንግሥት ኪራይ ቤት ሕንፃዎችን ዘጋ። በውስጣቸው ከነበሩት 3,000 ገደማ ሰዎች ብዙዎቹ ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ናቸው። የክፍለ ግዛቱ እንባ ጠባቂ ዲቦራ ግላስ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ባወጡት ሪፖርት፣ ክልከላው ወዲያውኑ መጀመሩ የነዋሪዎቹን ሰብአዊ መብት የጣሰ መሆኑን፣ ብዙዎቹም ፖሊስ ደጃቸውን ሲሞላው ምን እንደተፈጠረ እንዳላወቁ ገልጸዋል። በዚያው ሰሞን ፋርሲና አረብኛ የተቀላቀለበት የመንግሥት የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ መውጣቱም መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን በቋንቋው የሚያወራ ሰው አየር ላይ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። የትኛው ሕግ፣ የትኛው ምክር፣ የትኛው የፌስቡክ ወሬ እንደሆነ ለይቶ፣ ማን መቼ እንደተናገረው ጠቅሶ፣ ያልተረጋገጠውን ሳይደፍር የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ በተፈጥሮ የሚገኝ ጨዋነት አይደለም፤ እንደማንኛውም ሙያ የሚለመድ ነው።

አስተማሪው እንግሊዝኛ ብቻ ሲያውቅ ከዚህ ሙያ ግማሹ ሳይነካ ያልፋል። የሬዲዮ ዜና አጭር ይሁን የሚለውን ሁሉም ያስተምራል። በአማርኛ ግን ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ከጋዜጣ ተገልብጦ የሚነበብ አራት መስመር ዓረፍተ ነገር ሚኒስትሩ ፈቀዱ ወይስ ከለከሉ የሚለውን እስከ መጨረሻዋ ቃል ይደብቃል፤ መኪና እየነዳ የሚሰማ ሰው እስከዚያ ድረስ መጀመሪያውን ረስቶታል። ይህን የሚያርመው አማርኛ የሚሰማ አሰልጣኝ ነው፤ ወረቀቱን አስቀምጦ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት አድርጎ፣ ማይክሮፎን ፊት እያስነበበ። ሕጉም እንዲሁ ነው። የማህበረሰብ ጣቢያ ማስታወቂያ አይሸጥም፤ የስፖንሰር መልእክትም በሰዓት ከአምስት ደቂቃ እንዳይበልጥ ተገድቧል። ደንቡን በቃሉ የሚያውቅ አዘጋጅ የምግብ ቤት ባለቤት ለሆነ ወዳጁ ውለታ ሲመልስ ግን ማስታወቂያ እየሠራ መሆኑን ሳያስተውል ሦስት ደቂቃ ያወድሰዋል። ስልክ ደውሎ የሰው ስም የሚያጠፋ አድማጭን እንዴት በአክብሮት ማቋረጥ እንደሚቻል፣ በተለይ ደዋዩ የሚከበሩ ሽማግሌ ከሆኑ፣ የእንግሊዝኛው መመሪያ አይነግርም።

ሰው ወዶ ለሚሠራው ሥራ ግብር ከፋዩ ለምን ይክፈል? የመጀመሪያው ተቃውሞ ይህ ነው። የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞችም ወደው ይሠራሉ፤ ሳይሰለጥኑ የሚያሰማራቸው ግን የለም። ሁለተኛው፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም እያሉ ሬዲዮ ምን ያደርጋል የሚለው፣ ከፊል እውነት አለው፤ ወጣቱ ሬዲዮ አይከፍትም። ይሁን እንጂ ከሜልበርን አውቶብስ መስመር ለውጥ ይልቅ የአዲስ አበባ ፖለቲካ የሚሸጥበት መድረክ የሰፈሩን ጉዳይ አይሸፍንም፤ ተናጋሪውን ስለ ስህተቱ በቀላሉ የሚጠይቀውም አካል የለም። ፈቃድ ያለው ጣቢያ ግን የአቤቱታ ደንብ አለው። ከባዱ ተቃውሞ ሦስተኛው ነው። የአንድን ብሔር ወይም ቋንቋ አዘጋጆች በመንግሥት ገንዘብ ማጠናከር የአገር ቤቱን ቁርሾ ባሕር ማሻገር አይሆንም ወይ? ይህን ፍርሃት ማናናቅ አይገባም፤ የሩዋንዳው ሬዲዮ አርቲኤልኤም በ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ ጥላቻ በመንዛት ያደረገውን ዓለም ያውቃል። ነገር ግን ስልጠናው ቢቀር ዝግጅቱ አይቀርም፤ የአየር ሰዓቱ አስቀድሞ ተሰጥቷል። ሳይሰለጥን የሚቀረው ሰው የሚደግፈውን ወገን መግለጫ እንደ ዜና የሚያነበው፣ ሌላው ወገን ምን አለ ብሎ መደወል ግዴታው መሆኑን ማንም ስላልነገረው ነው። እርግጥ ሆን ብሎ ጥላቻ የሚዘራን ሰው ስልጠና አይመልሰውም። ያ የጣቢያው ቦርድ ሥራ ነው፤ ሰዓቱን መንጠቅ ካለበት ይንጠቅ።

ስለዚህ ለስልጠና ድጎማ ማመልከቻ የሚጽፍ ጣቢያ በጀቱን ሲያዘጋጅ፣ ሁለት ቀን ሙሉ የሚቀመጡ ሃያ ሰዎችን ከመቁጠር ይልቅ አራት አዘጋጆችን ለስድስት ወር ቢይዝ ይሻላል። ለሪፖርት የሚያምረው ሃያው መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሂሳብ ሲወራረድም ቀላል ነው። ዋጋ ያለው ክፍል ግን ከክፍሉ ትምህርት በኋላ የሚመጣው ነው፦ የተላለፈውን ዝግጅት ቋንቋውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ መልሶ መስማት፣ የቱ ጋ እንደተጎተተ፣ የቱ ምንጭ እንዳልተጠቀሰ ማየት። ጊዜው ለማታ ታክሲ ነጂውና ለነርሷ የሚመች፣ ልጅ የሚይዝ ሰው ወጪም የታሰበበት ይሁን። ሠልጣኞቹን በዕድሜ አቀላቅሎ ሁለት ሁለት ማጣመርም ይጠቅማል፤ ቋንቋው የሞላላቸው አዛውንት ሚክሰሩን ይፈሩታል፣ አውስትራሊያ ያደገችው ወጣት ድምፅ ቆርጣ መቀጠል ታውቃለች፣ አማርኛ ስትጽፍ ግን ትቸገራለች። ሁለቱን አንድ ዝግጅት ላይ ለማሰልጠን የሚጠየቀው የአሰልጣኝ ክፍያ የአንድ ሰው ያህል ነው።