እግር እያመመ ችግሩ ወገብ ላይ ቢሆንስ?

ከመካከላችን የአንዱ እናት ገበያ ሲሄዱ ትንሽ ተራምደው ይቆማሉ። ባታቸው ይከብዳል፣ እግራቸው ይደነዝዛል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ሲሉ ይለቃቸዋል፤ ተነስተው ሲሄዱ ደግሞ ያው ነው። እኛም «ብርድ ነው»፣ «ሪህ ነው»፣ «እድሜ ነው» ስንል ሁለት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ችግሩ የተገኘው ወገባቸው ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አከርካሪያችን ውስጥ ነርቮች የሚያልፉበት ቦይ አለ። እድሜ ሲገፋ ዲስኩ ይሳሳል፣ መገጣጠሚያውና ጅማቱ ይወፍራል፣ ቦዩም ይጠባል። ይሄ ስፓይናል ስቴኖሲስ ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ነው። ወደ እግር የሚሄዱት ነርቮች በታችኛው ወገብ ስለሚያልፉ፣ እዚያ ሲጨመቁ ህመሙ የሚሰማው መቀመጫ፣ ጭንና ባት ላይ ነው። ወገቡን እምብዛም የማያመው ሰውም አለ።

በምን ይጠረጠራል?

👉 መቆምና መራመድ ያማል፤ መቀመጥ ወይም ጎንበስ ማለት ያሻላል። ጎንበስ ሲባል ቦዩ ትንሽ ሰፋ ይላል።

👉 ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ይከብዳል። ቁልቁል ስንወርድ ወገባችን ወደ ኋላ ቀና ስለሚል ነው።

👉 የእግር ደም ስር ሲጠብም መራመድ ያማል። እሱ ግን ቀጥ ብሎ በመቆም ብቻ ይለቃል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ይብሳል።

ይሄ ፍንጭ እንጂ ምርመራ አይደለም። ስኳርም እግርን ያደነዝዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው፤ ኤምአርአይ ካስፈለገ እሱ ያዛል። ምንም ህመም የሌለው ሰው ላይም ኤምአርአይ መጥበብ ሊያሳይ ይችላል፤ ምስሉ ብቻውን አይበቃም።

ሁሉም ሰው ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም። ብዙዎች በፊዚዮቴራፒና በማስታገሻ ይቆያሉ። ካልሆነ ቦዩን የሚያሰፋ ቀዶ ጥገና አለ። ወገብን በኃይል ማስጨነቅና ማስጠምዘዝ ግን ይቅር።

🚨 ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር በድንገት ከዛለ ነገ አይባልም። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል! መዘግየቱ የማይመለስ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

ዛሬ ቤት ስትገቡ «እማዬ፣ ቁጭ ስትይ ይለቅሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲራመዱም በስልካችሁ ቅረጹና ለሐኪሙ አሳዩ። እኛ ሁለት ዓመት ዘግይተናል፤ እናንተ አትዘግዩ።