የብሎን ልክ፦ የጀማሪ ልጆች ሞተርሳይክል ሲጠበቅ

ሆንዳ ከ2004 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ያቀረበው ሲአርኤፍ 50 ኤፍ፣ ልጆች በጭቃና በኮረኮንች ላይ መንዳት የሚለማመዱበት፣ 49 ሲሲ ሞተር ያለውና 50 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሞተርሳይክል ነው። በእጅ የሚጨመቅ ፍሪሲዮን ስለሌለው ልጁ ሦስቱን ማርሾች በእግሩ ብቻ ይቀያይራል። ጥገናውም እንደ አነዳዱ ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ስህተት የሚፈጸመው ትንንሾቹን ብሎኖች የሚያጠብቀው የአዋቂ ክንድ በመሆኑ ነው።

ብሎን ሲጠብቅ እንደ ሞላ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ ሲስብም በመካከሉ ያሉትን ክፍሎች ጨምቆ ይይዛል። ይህን መለጠጥ በዓይን ማየት ስለማይቻል በምትኩ የሚለካው ቶርክ ነው፤ ቶርክ ማለት በመፍቻው እጀታ ላይ ያረፈው ኃይል በእጀታው ርዝመት ተባዝቶ የሚገኝ፣ በኒውተን ሜትር የሚገለጽ የማዞር ኃይል ነው። ሆኖም ከዚህ ኃይል ግማሽ ያህሉ በብሎኑ ራስ ሥር፣ 40 በመቶ ያህሉ ደግሞ በጥርሶቹ መካከል በሰበቃ ስለሚባክን፣ ብሎኑን ለመለጠጥ የሚተርፈው ከ10 በመቶ ብዙም አይበልጥም። በደረቁ እንዲጠብቅ የታሰበ ብሎን ዘይት ተቀብቶ በዚያው ቶርክ ቢጠብቅ ከልኩ በላይ የሚለጠጠውም ሰበቃው ስለሚቀንስ ነው።

ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን በተለምዶ የሚጠይቀው 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም 20 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም እጀታ ጫፍ ላይ 5 ኪሎ ግራም ያህል ከማንጠልጠል ጋር ይተካከላል። ከዚህች ጥቂት ግፊት የሚገኘው የመጭመቅ ኃይል ግን ከ800 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር የሚመጣጠን ነው። 100 ኒውተን ሜትር ገደማ የሚፈልገውን የመኪና ጎማ ብሎን ማጥበቅ የለመደ እጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የሞተሩ ቤት ከአሉሚኒየም የተሠራ በመሆኑ የብረቱ ብሎን ለስላሳውን ጥርስ ይበላዋል። ምልክቱም እየከበደ ሲሄድ የነበረው ዙር በድንገት መቅለሉ ነው፤ እጅ ይህን ሲያውቅ ግን ጊዜው አልፏል። ለዚህ የሚረዳው ቶርክ መፍቻ የተሞላለት ልክ ሲደርስ «ቀጭ» የሚል ሲሆን፣ ከ40 ኒውተን ሜትር በላይ ለመለካት የተሠራው ትልቁ ዓይነት ለእነዚህ ብሎኖች አይሆንም።

ማላላትም ከማክረር ያነሰ ጥፋት አይደለም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ገርሃርድ ዩንከር በ1969 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ብሎንን በይበልጥ የሚፈታው በርዝመቱ የሚመጣው ጉተታ ሳይሆን የተያያዙት ክፍሎች ወደ ጎን መንሸራተታቸው ነው፤ መጭመቁ ሲያንስ ክፍሎቹ ይንሸራተታሉ፣ የጥርሱ ሰበቃ ይከዳል፣ ብሎኑም ራሱን እየፈታ ይሄዳል። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ደግሞ መንቀጥቀጥ አያጣውም።

ብዙ ብሎኖች አንድ ክዳን ሲይዙ ክዳኑ እንዳይጣመም በትይዩ እየተሻገሩ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ አለመላላታቸውን ለመቆጣጠር የሚያስፈልገው ትንሽ ቀለም ነው፦ ከጠበቀው ዳዶ ወደ አጠገቡ ብረት ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል፤ ልጁ ነድቶ ሲመለስ መስመሩ ተሰብሮ ከተገኘ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው።