ቁልፉ በእጃችን፤ ሥልጣኑስ?



አንድ የጉደር አባት ለሐጅ ሊነሡ ነው እንበል። የብረት ሣጥናቸውን ቁልፍ ለታላቅ ልጃቸው ሰጥተው፣ «አደራ፣ ንብረቴን አንተ አስተዳድር» ብለው ውክልና ፈርመውለት ይሄዳሉ። ሣጥኑ ውስጥ የቤት ካርታ፣ ጥቂት ብርና የእናትየዋ ወርቅ አለ። ልጁ ከዚህ ውስጥ የትኛውን መንካት ይችላል? በአምቦም፣ በጊንጪም፣ በጌዶም ቤተሰብ ይህን የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ነገር ከተበላሸ በኋላ መሆኑ ያሳዝነናል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መልስ አለው። በጠቅላላው የተሰጠ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው (ቁጥር 2203 እና 2204)፤ ንብረት መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል። ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል (ቁጥር 2205)። ስለዚህ ልጁ ካርታውን አውጥቶ ቤቱን ቢያስይዝ ከሥልጣኑ አልፏል። ወርቁ ደግሞ ቀድሞውንም የእናቱ ነው፤ እሳቸው ካልወከሉት አባትየው የሰጡት ውክልና አይደርስበትም።

ሣጥኑ ከባንክ የተከራዩት ቢሆንም ቁልፍ መያዝ ብቻውን ፈቃድ አይደለም። ውክልናው የትኛው ሣጥን እንደሚከፈት፣ ምን እንደሚወጣና ለምን ጉዳይ እንደሚውል በግልጽ ይናገር። በዐረብ አገር ያሉ ልጆቻችንም ውክልናቸውን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አስረጋግጠው መላክ ይችላሉ።

አባት በዚያው ወደ አኼራ ቢሄዱስ? ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልናው በወካዩ ሞት ያበቃል (ቁጥር 2232)። በሸሪዓም ወካላ በሞት ይፈርሳል። መርዶ በተሰማበት ሌሊት ሣጥን ከፍቶ የሚወስድ ልጅ የእናቱንና የእኅቶቹን ሐቅ ነው የሚነካው። ከቀብር ወጪ በኋላ ዕዳ ይከፈላል፣ ወሲያ ይፈጸማል፣ የቀረው ለወራሾች ይከፋፈላል። እስከዚያው ሣጥኑ ሁሉም ባሉበት ተከፍቶ ዕቃው በምስክር ፊት ይመዝገብ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በ622 እ.ኤ.አ. ወደ መዲና ሲሰደዱ ዐሊይን (ረ.ዐ.) መካ ላይ ያስቀሩት፣ እሳቸው ዘንድ የተቀመጠውን የሰዎች አደራ ለየባለቤቱ እንዲመልስ ነበር። ከባለ አደራዎቹ መካከል የሚያሳድዷቸው ሙሽሪኮች ነበሩበት፤ ያም ሆኖ አደራው አልተነካም። እኛስ የገዛ እናታችንንና እኅታችንን አደራ እንዴት እንነካለን?

ዛሬ ማታ ቤታችን ስንገባ ቁልፉን የያዘው ማን እንደሆነ፣ የተፈቀደለትም ምን እንደሆነ በግልጽ እንነጋገር፤ እንጻፈውም።